በውሃ፣ በኤታኖል ወይስ በሜታኖል? የመድኃኒት ዕፅ ጭምቅ ለሚሠሩ የጎንደር ተማሪዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ ከማራኪም ከቴዎድሮስም ግቢ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ብዙ አንቲኦክሲዳንት ያለው ዕፅ የትኛው ነው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። ግን እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ መልስ የለውም። አንድ ቅጠል በውሃ ሲወጣ ደካማ፣ በኤታኖል ሲወጣ ብርቱ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ያው የኤታኖል ጭምቅ (ከቅጠሉ በኤታኖል የወጣው ነገር) ራሱ በአንዱ ፈተና አንደኛ፣ በሌላው ሦስተኛ ሊወጣ ይችላል። ቅጠሉ ያው ነው። የተለወጠው እኛ የመረጥነው መንገድ ነው።

ስለዚህ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ላነጻጽርላችሁ። ምን ዕፅ፣ በምን አሟሚ፣ በምን ዓይነት አወጣጥ፣ በየትኛው ፈተና። ብዙ የምቆየው አሟሚው ላይ ነው። ብዙ ልፋት ሜዳ ላይ የሚቀረው እዚያ ጋ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ። ፍሪ ራዲካል የሚባለው ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ይዞ፣ የጎደለውን ከሌላው ለመንጠቅ የሚጣደፍ ሞለኪውል ነው። አንቲኦክሲዳንት ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን ሰጥቶ ያረጋጋዋል። በዕፅ ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት ፌኖሎች ናቸው። ፍላቮኖይዶችና ታኒኖችም የዚሁ ወገን ናቸው።

ዕፁ

ጎንደር ተቀምጦ ዕፅ ማጣት አይቻልም። ቅዳሜ ገበያን አንድ ዙር መዞር ይበቃል። ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጌሾ። ዳማከሴና ግራዋ ደግሞ በየጓሮው አሉ።

ለጀማሪ ጦስኝ ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ። ዋና ውህዶቹ ታይሞልና ካርቫክሮል ናቸው፤ ሁለቱም ፌኖሎች ናቸው፣ ሁለቱም በደንብ ይታወቃሉ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ደጋ ሁለት ዓይነት ጦስኝ አለ፤ ታይመስ ሺምፐሪና ታይመስ ሰሩላተስ። ገበያ ላይ ሁለቱም «ጦስኝ» ተብለው ይሸጣሉ። በዚያ ላይ አንዱ ዓይነት ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ ታይሞል ይበዛበታል፣ ሌላው ጋ ካርቫክሮል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ደረቅ ጦስኝ ለሻይ እንጂ ለጥናት አይሆንም። አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ራሳችሁ ልቀሙ። በጋዜጣ መሃል ተጭናችሁ አድርቁት። ዕፅዋትን መለየት የሚያውቅ ባለሙያ ስሙን ያረጋግጥላችሁ። ደባርቅ ድረስ የምትወጡ ከሆነም ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውጭ ሁኑ፤ ፓርኩ ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው።

ዳማከሴ የጦስኝና የበሶብላ ዘመድ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሮዝማሪኒክ አሲድ የተባለ ብርቱ ፌኖል በብዛት ይገኛል። ዳማከሴን የምመርጥለት ሌላ ምክንያት አለኝ። ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት ግልጽ ነው። ምች የመታው ሰው ትኩሱን ቅጠል አሽቶ ይሸተዋል፣ ሰውነቱን ይቀባዋል፣ ጭማቂውን በቡና ይጠጣዋል። ይህን ማወቅ አሟሚ ስትመርጡ ትልቅ እገዛ ነው።

ጤና አዳም ሩቲን የተባለ ፍላቮኖይድ ስላለው ለአንቲኦክሲዳንት ጥናት ይመቻል። ሲሠሩበት ግን ጓንት ማድረግ ግድ ነው። ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉበት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ክረምት ላይ የማይታይ ጣጣ በበጋ ፀሐይ ጉድ ያደርጋል።

ግራዋ መራራ ነው። ምሬቱ በዋናነት ከሴስኩተርፒን ላክቶኖች ይመጣል። ሉቲዮሊን የተባለ ፍላቮኖይድና ሳፖኒኖችም አሉት። ክፋቱ ክሎሮፊሉ መብዛቱ ነው፤ ጭምቁ ጥቁር አረንጓዴ ይሆንና ቀለም በሚለካ ፈተና ላይ ያስቸግራል። ቀጋን የመረጠ ደግሞ ቫይታሚን ሲ እንዳለበት አይርሳ። ለምን እንደሆነ ፈተናዎቹ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

አሟሚው

አሟሚ ማለት ውህዱን ከቅጠሉ አውጥቶ የሚይዘው ፈሳሽ ነው። እያንዳንዱ አሟሚ የሚወደውን ነው ይዞ የሚወጣው። ሄክሴን ቅባትና ሰም ያወጣል። ኢታይል አሲቴት መሃል ላይ ያሉትን፣ ብዙ ፍላቮኖይዶችን ጨምሮ፣ ያወጣል። ሜታኖልና ኤታኖል ሰፊ እጅ አላቸው፤ አብዛኞቹን ፌኖሎች ይይዛሉ። ውሃ ስኳር የተጣበቀባቸውን ፍላቮኖይዶች፣ ታኒኖችን፣ ስኳርን፣ ፕሮቲንንና ጨውን ይዞ ይመጣል።

ሜታኖል በብዙ ጽሑፎች ላይ ስለሚታይ ተማሪው ሳያስብ ይመርጠዋል። ጥቅም አለው። በ64.7 ዲግሪ ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል፤ ጭምቁን ማድረቅ ቀላል ይሆናል። ነገር ግን መርዝ ነው። ጥቂት መጠን እንኳ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጭምቁን በኋላ አይጥ ላይ ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ነገ ወደ ምርት ይሂድ የምትሉ ከሆነ፣ በሜታኖል መጀመር በገዛ እጅ መንገድ መዝጋት ነው።

ኤታኖል በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከሜታኖል ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሥራው አይተናነስም። ንጹሕ ኤታኖል መግዛት የለባችሁም። ለፌኖል 70 ወይም 80 በመቶ ኤታኖል፣ የቀረው ውሃ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ከንጹሑ ይሻላል። ውሃው ቅጠሉን ያርሰዋል፣ ስኳር ያለባቸውንም ፌኖሎች ይስባል። ኤታኖሉ ደግሞ ፌኖልን የሚያበላሸውን ኢንዛይም ያስቆማል። ዳግም አረቄ ኤታኖል አለው ብላችሁ ግን ለዚህ ሥራ አታምጡት። ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ከጌሾውና ከእህሉ የመጣ ሌላ ነገርም ይዞ ይመጣል።

ውሃን ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። እኔ አልስማማም። የአገራችን ሰው ዕፅን በብዛት የሚወስደው በውሃ ነው፤ አፍልቶ፣ ዘፍዝፎ ወይም አሽቶ። «ባህላዊ አጠቃቀሙን ለማረጋገጥ» ብሎ ፕሮፖዛል የጻፈ ሰው በሜታኖል ብቻ ሠርቶ ሲጨርስ የጠየቀውን ጥያቄ አልመለሰም። ማንም እንዳልወሰደው አድርጎ ነው የለካው።

ውሃ የራሱ ጣጣ አለው። ማድረቁ አድካሚ ነው፤ አቀዝቅዞ የሚያደርቅ መሣሪያ ከሌለ ቀናት ይፈጃል። ቶሎ ይሻግታል። ትኩስ ቅጠል በቀዝቃዛ ውሃ ሲታሽ ደግሞ የቅጠሉ ኢንዛይም ፌኖሉን ያጠቁረዋል፤ የተላጠ ድንች እንደሚጠቁረው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ስለዚህ «የውሃ ጭምቅ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሙቅ ነው ቀዝቃዛ? ስንት ደቂቃ?

ጦስኝ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ታይሞል በውሃ የሚሟሟው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ቢይዝ ነው። በኤታኖል ግን እንደልብ ይሟሟል። ሮዝማሪኒክ አሲድ በሙቅ ውሃም በደንብ ይወጣል። እንግዲህ ያው የጦስኝ ቅጠል በሙቅ ውሃ የሮዝማሪኒክ አሲድ ታሪክ፣ በኤታኖል ደግሞ የታይሞልም ታሪክ ይነግራችኋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለየው።

የእኔ ምክር ሁለት አሟሚ ውሰዱ የሚል ነው። አንዱ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን። ሌላው 70 ወይም 80 በመቶ ኤታኖል። ሦስተኛና አራተኛ መጨመር የጽሑፉን ገጽ ያበዛል እንጂ ዕውቀቱን ያን ያህል አይጨምርም። ሰው የሚጠቀምበትን ለማወቅ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አትቅሩ። የምትሸጠዋን እናት ጠይቁ። «እትዬ፣ ይሄን እንዴት አድርገው ነው የሚወስዱት?» ስታፈላው ትከድነዋለች ወይስ ክፍቱን ነው? ከማር ጋር ነው ከቡና? ክዳኑ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ክፍት ድስት ላይ የሚተነው ዘይት ታይሞሉን ይዞት ይሄዳል።

አወጣጡ

እዚህ ላይ ጎንደር ራሷ ጣልቃ ትገባለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ጽሑፍ «ለ10 ደቂቃ ይፍላ» ካለ የእኛ ድስት ውስጥ ያለው ሙቀት ያን ያህል አይደርስም። ውጤት አይበላሽም፤ ግን ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ያነበባችሁትን ጻፉ።

ሦስት መንገዶችን ላወዳድር። ዘፍዝፎ ማቆየት፣ ማለትም ማሰሬሽን፣ ዱቄቱን አሟሚ ውስጥ ለ72 ሰዓት አድርጎ በየመሃሉ መነቅነቅ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ሙቀት የሚያበላሸው ነገር የለም። አሟሚ ግን ይበላል። ሶክስሌት፣ ማለትም አሟሚውን እያተነነና እያቀዘቀዘ ዱቄቱ ላይ ደጋግሞ የሚያፈስ የብርጭቆ ዕቃ፣ ሙቀትና ማቀዝቀዣ ውሃ ለሰዓታት ሳይቋረጥ ይፈልጋል። በጥቂት አሟሚ ብዙ ያወጣል፤ ሙቀት የማይችሉ ውህዶችን ግን ሊጎዳ ይችላል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ወይም የቧንቧ ውሃ ከቆመ የዕለቱ ሥራ አበቃ። አልትራሳውንድ፣ በድምፅ ሞገድ የሚያወጣው፣ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ማሽኑ ካለ።

ለጎንደር ላብ እኔ ማሰሬሽንን እመርጣለሁ። በተለይ አንድ ናሙና ሦስት ጊዜ መደጋገም ላለበት ሰው። ለሻይ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ማንቆርቆሪያና ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ በቂ ነው።

ማድረቁን በተመለከተ አጭር ነው። ጥላ ሥር፣ አየር በሚገባበት፣ በስሱ ተዘርግቶ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጦስኝ ሽታው ሲጠፋ ውህዱም አብሮ እየሄደ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጥላው ብቻ አያደርቅም፤ ይሻግታል። ያኔ 40 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ማድረቂያ ምድጃ ይሻላል። ቢቻል ለቀማውን ክረምቱ ካለፈ በኋላ አድርጉት።

ፈተናው

አራት ፈተናዎች በብዛት ይሠራሉ። አራቱንም በተራ የሚታይ ብርሃን ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) መሥራት ይቻላል። ውድ የኳርትዝ ኩቬት (ናሙናው የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) አያስፈልግም፤ ብርጭቆው ይበቃል።

ፎሊን ቾካልቶ ጠቅላላ ፌኖልን ለመለካት የሚውል ነው። ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል፣ በ765 ናኖሜትር ይነበባል፣ ውጤቱ ጋሊክ አሲድ ከተባለ ፌኖል ጋር ተመዝኖ፣ በእሱ አቻ ይጻፋል። ርካሽና ቀላል ነው። ድክመቱ ፌኖልን ለይቶ አለማወቁ ነው። ቫይታሚን ሲም፣ አንዳንድ ስኳርም፣ ፕሮቲንም ቀለም ይሰጡታል። ቀጋን የመረጠው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቫይታሚን ሲውን ፌኖል ብሎ ይቆጥረዋል። የውሃ ጭምቅም ስኳር ስለሚበዛበት ከእውነቱ በላይ ሊያሳይ ይችላል።

ዲፒፒኤች ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሐምራዊ ፍሪ ራዲካል ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ በ517 ናኖሜትር ይነበባል። ለ30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ አይሲ 50 በሚባለው ይጻፋል፤ ግማሹን ራዲካል ለማጥፋት የሚያስፈልገው መጠን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጭምቁ ብርቱ ነው። ይህን ገልብጦ የተረጎመ ጽሑፍ አሁንም ይገጥመኛል፤ ልብ በሉ።

ዲፒፒኤች በውሃ አይሟሟም። የሚዘጋጀው በሜታኖል ወይም በኤታኖል ነው። የውሃ ጭምቅ ስትጨምሩበት ሊደፈርስ ይችላል። ማሽኑ ድፍርሱን እንደ ቀለም ያነበዋል፤ ጭምቁም ደካማ ሳይሆን ደካማ ሆኖ ይታያል። ጥቁር አረንጓዴው ግራዋና ቢጫው እርድም በራሳቸው ቀለም ንባቡን ያዛባሉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መጠን ዲፒፒኤች የሌለበት፣ ጭምቁ ብቻ ያለበት ባዶ ናሙና ማንበብና መቀነስ ነው። አሰልቺ ነው። ግን ይህን ያልሠራ ሰው ቁጥር ላይ እምነት የለኝም።

ኤቢቲኤስም እንደ ዲፒፒኤች በባለቀለም ራዲካል የሚሠራ ፈተና ነው፤ ለውሃ ጭምቅ ግን የተሻለ ነው። በውሃም በኤታኖልም ይሠራል። የሚነበበው በ734 ናኖሜትር ስለሆነ የዕፁ ቀለም እምብዛም አይደርስበትም። ችግሩ ዝግጅቱ ነው። ከፖታሲየም ፐርሰልፌት ጋር ተቀላቅሎ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ማደር አለበት። ማታ አዘጋጅታችሁ ጠዋት መግባት ነው። ጠዋት ንባቡ 0.70 አካባቢ እስኪሆን ታቀጥኑታላችሁ።

ፍራፕ የተለየ ነገር ነው የሚለካው። ጭምቁ ሦስት ቻርጅ ያለውን ብረት ወደ ሁለት ቻርጅ የመለወጥ ጉልበቱን ያሳያል። ሰማያዊ ይሆናል፣ በ593 ናኖሜትር ይነበባል። የሚሠራው በአሲድ ውስጥ፣ ፒኤች 3.6 ላይ ነው። ፈጣንና ንጹሕ ነው። ሰልፈር ያላቸውን አንቲኦክሲዳንቶች፣ ለምሳሌ ግሉታታዮንን፣ ግን አያያቸውም። ነጭ ሽንኩርት የመረጠ ሰው በፍራፕ ብቻ ቢፈርድ የሰልፈር ውህዶቹ ድርሻ ሳይታይ ሊያልፈው ይችላል።

ታዲያ የትኛው? ሁለት ምረጡ፤ አሠራራቸው የተለያየ ይሁን። የኤታኖል ጭምቅ ላለው ዲፒፒኤችና ፍራፕ። የውሃ ጭምቅ ላለው ኤቢቲኤስና ፍራፕ። ሁለቱንም ጭምቅ የያዘ ሰው ኤቢቲኤስን ለሁለቱም ይጠቀም፤ ያኔ ማወዳደሩ ፍትሐዊ ይሆናል። ፎሊን ከጎን ይሁን፤ ብቻውን ግን «አንቲኦክሲዳንት» አይባልም።

የኬሚካል ቅድመ ፍተሻውንም አትርሱት፤ ርካሽ ነው። ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲል ጥቁር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ፌኖል አለ። ማግኒዚየምና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀይ ወይም ሮዝ ካመጣ ፍላቮኖይድ። ተነቅንቆ አረፋው ከቆየ ሳፖኒን። ይህ አለ ወይም የለም ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ውህዱን በስሙ ለመጥራት ውህዶችን አንድ በአንድ የሚለዩ ማሽኖች ያስፈልጋሉ፤ በፈሳሽ የሚለየው ኤችፒኤልሲ፣ ለጦስኝ ዓይነቱ የሚተን ዘይት ደግሞ በጋዝ የሚለየው ጂሲኤምኤስ።

ቁጥሩን ማወዳደር

እዚህ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ እንደ ገንዘብ መቁጠር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ የተሰጡ ቁጥሮችን እንውሰድ። 100 ግራም ደረቅ ቅጠል በውሃ 20 ግራም ጭምቅ ሰጠ እንበል፤ በእያንዳንዱ ግራም ጭምቅ 50 ሚሊግራም ፌኖል አለ። በኤታኖል ደግሞ 8 ግራም ጭምቅ ብቻ ሰጠ፤ በየግራሙ ግን 100 ሚሊግራም አለ። በግራም ጭምቅ ካወዳደራችሁ ኤታኖል እጥፍ ይበልጣል። በቅጠሉ ካወዳደራችሁ ግን ውሃው 1000 ሚሊግራም አወጣ፣ ኤታኖሉ 800። አሸናፊው ተገለበጠ።

ሻይ የሚጠጣ ሰው የሚገደው የቅጠሉ ነው። እንክብል ለሚሠራ የጭምቁ። ሁለቱንም ጻፉ፣ የጭምቁንም መጠን በመቶኛ አስቀምጡ።

ከሌላ ላብ ቁጥር ጋር አይሲ 50ን ፊት ለፊት ማጋጠም ደግሞ አይገባም። የዲፒፒኤቹ ውፍረትና የቆየበት ጊዜ ሲለያይ ቁጥሩ ይለያያል። መመዘኛ የሚሆን አስኮርቢክ አሲድን (ቫይታሚን ሲን) ወይም ትሮሎክስ የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠርሙስ ዲፒፒኤች አብራችሁ ለኩ። «የጭምቁ ጉልበት የአስኮርቢክ አሲድ ይህን ያህል እጅ ነው» ሲባል ነው አንባቢ የሚጨብጠው ነገር የሚያገኘው።

ከኩቬቱ ውጭ

ይህን የማነሣው አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች መደምደሚያ ስለሚያሳስበኝ ነው። ዲፒፒኤች ላይ ጥሩ የሠራ ጭምቅ ወዲያው «ለስኳር በሽታና ለካንሰር ይጠቅማል» ይባላል። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ከዚህ የሚወጣ ቃል በከተማው ይሰማል፣ ገጠርም ይደርሳል። ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ቅጠል ሊጀምር ይችላል።

ኩቬት ውስጥ ሆድ የለም፣ ጉበት የለም። ብዙ ፌኖሎች ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፉት በጥቂቱ ነው። ያለፉትንም ጉበት ይለውጣቸዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ የተባለውን የምግቦች አንቲኦክሲዳንት ሠንጠረዥ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከድረ ገጹ ያነሣው ለዚህ ነው። ቁጥሩ በሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው አይናገርም፣ ነጋዴዎችም ለማሻሻጫ ይጠቀሙበት ነበር።

ስለዚህ መደምደሚያችሁን በለካችሁት ልክ ጻፉ። «ጭምቁ በላብ ውስጥ ራዲካልን የማጥፋት አቅም አሳይቷል» በቂና ሐቀኛ ነው። ጎጂነቱንም ካወቃችሁ አብራችሁ አስፍሩ። ጤና አዳም ጥሩ ቁጥር ቢያስመዘግብም ማሕፀን ሊያኮማትር ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ጭምቁን መውሰድ እንደሌለባት በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።